«ሊቭ» መሄድ ነው ወይስ መቅረት?

ጠመኔ_በእጄ
ሰላም ቤቶች። የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ደብተር ሳርም አንድ ስህተት እየተደጋገመ አሰለቸኝ። ልጆቹ «ባሕር ዳር እኖራለሁ» ለማለት ፈልገው «ልቭ» በሚለው ፈንታ «ሊቭ» ይጽፋሉ። በቃ፣ ከተማዋን ጥለዋት ሄዱ ማለት ነው።

ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ለይቼ ሳስረዳ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሊቭ መሄድ ከሆነ እናቴ መሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃድን ለምን አኑዋል ሊቭ ይሉታል? ሌፍት ማለትስ የሄደ መሆን ሲገባው እንዴት የቀረ ማለት ሆነ?» አለችኝ። ደወሉ አተረፈኝ።

ሰኞ መልስ ይዤ መግባት አለብኝ። አንድ ቃል እንዴት ነው መሄድም፣ መቅረትም፣ ፈቃድም የሚሆነው? ተመሳሳዮቹን፣ እነ ዲፓርትን፣ እነ ኤግዚትን፣ እነ ኩዊትንም የምታውቁ ጣል ጣል አድርጉልኝ።

አባ_መዝገብ
ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ በርቺ በልልኝ። የጠየቀችው ስለ አንድ ቃል ይመስላል እንጂ ስለ ሁለት ነው። ለዛሬ ግሱን ብቻ ልያዘው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ግስ «ላቫን» ይባል ነበር። ትርጉሙ መሄድ አልነበረም። ማስቀረት፣ ማስተረፍ ነበር። አባት ሲሞት ለልጁ መሬት ይተዋል፤ ያ ነው ላቫን። እኛ «ቀረ» የሚለውን ይዘን «አስቀረ» እንደምንለው፣ ይህም መቅረት ከሚል ሥር የወጣ አስደራጊ ግስ ነው። ቃሉ የሚያየው የሚቀረውን እንጂ የሚሄደውን አልነበረም።

ታዲያ መሄድ ከየት መጣ? ሰውየው ቤቱን ካስቀረ እሱ ራሱ ሄዷል ማለት ነዋ። እኛ «ትቶ ሄደ» ብለን ሁለት ግስ እናወጣለን። እንግሊዞቹ «ትቶ»ን ብቻ ይዘው «ሄደ»ን ዋጡት። ይህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1200ዎቹ ወዲህ የመጣ አነጋገር ነው። እያደር ደግሞ የሚተወው ነገርም ከዓረፍተ ነገሩ ወጣ። «ሺ ሌፍት» ይላሉ፤ ምን ትታ? ማንም አይጠይቅም።

አሮጌው ትርጉም ግን አልሞተም። «ዋት ኢዝ ሌፍት?» ሲባል ምን ቀረ፣ ምን ተረፈ ነው።

ተማሪዎችህ የሚያምታቱት «ልቭ» ደግሞ የሩቅ ዘመዱ ነው። ሁለቱም መጣበቅ፣ አለመላቀቅ ከሚል ጥንታዊ ሥር የወጡ ናቸው። ላይፍም እንደዚያው፤ የኖረ ማለት የቆየ፣ የቀረ ማለት ነው። ይህን ስላወቁ ግን ማርክ አትጨምርላቸው።

ስለ ፈቃዱ ሊቭ ነገ እመለስበታለሁ። የባትሪዬ ነገር አላማረኝም።

ላሽ_በል
አባ መዝገብ፣ ልብ ሰቅለው ላሽ አሉ እኮ!

ፍራንክፈርት_ሰፈሬ
እሳቸው እስኪመለሱ እኔ ከዚህ ጀርመን አንድ ነገር ልበል። እዚህ መቆየት «ብላይበን» ይባላል። ከዚያው ከእንግሊዝኛው ሊቭ ሥር ነው የመጣው። እንግሊዞቹ አፍ ላይ ወጥቶ የሄደው ሥር ጀርመኖቹ ዘንድ ቁጭ ብሎ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ ራሴ ቋንቋ ስማር «ብላይበን»ን ከሊቭ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም፤ ቢነገረኝ ኖሮ በአንድ ቀን ይገባኝ ነበር።

ሌላም አለ። የዓመት ዕረፍት እዚህ «ኡርላውብ» ነው። መፍቀድ ደግሞ «ኤርላውበን»። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው። አባ መዝገብ የሚነግሩን ነገር ወደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ተጠራጣሪው
ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ነገር አልተዋጠልኝም። ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ አንድ። የዓመት ፈቃድ ስንወጣ ከቢሮ እንሄዳለን። ስለዚህ ሊቭ ያው መሄድ ነው፣ አለቀ። ለምን ሁለት ቃል ነው ተብሎ ይወሳሰባል?

አባ_መዝገብ
ተጠራጣሪው ወንድሜ፣ «ዋና» የሚለውን ውሰድ። የሐይቁም ዋና፣ የዋናው መሥሪያ ቤትም ዋና ፊደሉ አንድ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ዋና ስለሚችል ነው ተሾመ አትለኝም መቼም።

ፍራንክፈርት፣ ከአፌ ነው የነጠቅሽኝ፣ ተባረኪ። ሁለተኛው ሊቭ ስም ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ፈቃድ ማለት ነበር። ዘመዶቹ ፍቅር የሚለው «ላቭ» እና ማመን የሚለው «ቢሊቭ» ናቸው። ከጀርመንኛው ደግሞ «ኤርላውበን» እና «ኡርላውብ»። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ደስ ያለኝን፣ የወደድሁትን እፈቅዳለሁ።

እዚህ ላይ የኛን ነገር ተመልከቱ። በግዕዝ «ፈቀደ» ማለት ፈለገ፣ ወደደ ነው። በአማርኛ «ይሁን» ብሎ መልቀቅ ሆነ። ማንም ከማንም ሳይቀዳ፣ እዚያም እዚህም ከመውደድ ተነስተው ፈቃድ ላይ ደረሱ። እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይገርመኛል።

ስለዚህ አኑዋል ሊቭን «የዓመት ፈቃድ» ብሎ የተረጎመው ሰው ሥሩን ነው የመታው። ወታደር ከጦር ሰፈሩ ሳያስፈቅድ ሲጠፋ እንግሊዞቹ «አብሰንት ዊዝአውት ሊቭ» ይሉታል። ተጠራጣሪው እንዳለው ሊቭ መሄድ ቢሆን፣ ወታደሩ ሳይሄድ የጠፋ ይሆን ነበር።

«ቴክ ሊቭ»ም ከዚሁ ነው። ዛሬ መሰናበት ብቻ ይመስላል፤ መነሻው ግን ከጌታ ፊት ለመሄድ ፈቃድ መቀበል ነበር። አያቶቻችን ቤት እንግዳ «እንግዲህ ልነሣ» ሲል ባለቤቱ «ምን አስቸኮለህ፣ በረካው ሳይደርስ!» ብሎ መልሶ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። ካልተፈቀደ አይኬድም።

ለንደን_ማታ_ሺፍት
ይህ ክር ለኔ የተከፈተ ነው የሚመስለው። እዚህ እንግሊዝ የመኖሪያ ወረቀት «ሊቭ ቱ ሪሜይን» ይባላል። የ1971 የኢሚግሬሽን ሕግ ራሱ «ሊቭ ቱ ኤንተር» እና «ሊቭ ቱ ሪሜይን» ነው የሚለው። የመግቢያ ፈቃድ፣ የመቆያ ፈቃድ።

አንድ የአገሬ ልጅ ደብዳቤው የደረሰው ቀን ደወለልኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «አለቀልኝ፣ ሊቭ ይላል፣ ውጣ ብለውኛል» አለ። ቀስ ብለህ አንብብልኝ አልኩት። «ሊቭ… ቱ… ሪሜይን።» ከዚያ ዝም አለ። «ሂድና ቆይ ነው እንዴ የሚሉኝ?» አለኝ። ሥራ ቦታ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ፈቃድ መሆኑን ስነግረው አለቀሰ።

ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣት ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሁለት ሣጥን ነበር። አንዱ «ሪሜይን»፣ አንዱ «ሊቭ»። ሊቭ 51.9 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ያኔ ስለ ሊቭ እና ስለ ሪሜይን ያልተከራከረ ሰው አልነበረም። የእኛ ሰው ኪስ ውስጥ ግን ሁለቱ ቃላት ተቃቅፈው ባንድ ወረቀት ላይ ተቀምጠዋል።

አባ_መዝገብ
የጥንቱ እንግሊዛዊ ከመቃብር ተነስቶ ያንን ወረቀት ቢያይ ግራ ይገባው ነበር። አንዱ ሣጥን ቅር ይላል፤ ሌላው አስቀር። የቱ ነው የመውጫው?

ሕግ_አዋቂ_ነኝ_ባይ
የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶችም በዚህ ቃል ሲቸገሩ ነው የኖሩት። ይግባኝ ለማለት የሚጠየቀው ፈቃድ «ሊቭ ቱ አፒል» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ሥራ ላይ ሲውል፣ ተራው ሰው እንዲገባው ተብሎ ሊቭ ወጥቶ «ፐርሚሽን» ገባ። የኢሚግሬሽን ሕጉ ግን እስካሁን አልለቀቀውም። መልቀቅ ያለበት እሱ ነበር።

ጠመኔ_በእጄ
ልጅቷ ይህን ሁሉ ብትሰማ! አባ መዝገብ፣ እርስዎ ባይኖሩ ሰኞ ምን ይውጠኝ ነበር። ለንደን፣ የጓደኛሽን ታሪክ ስሙን ሳልጠራ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ፣ ፈቃድሽ ከሆነ። አንድ ልጅ ደግሞ «ግራ» የሚለው ሌፍትስ? ማለቱ አይቀርም።

አባ_መዝገብ
ግራው ሌፍት ሌላ ነው፤ ከነዚህ ከሁለቱም ጋር አይዛመድም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ደካማ፣ የማይረባ ማለት ነበር። ደካማው እጅ ስለሆነ። የዛፍ ቅጠል የሚለውም «ሊፍ» በብዙ ቁጥር «ሊቭስ» ሲሆን ይመሳሰላል እንጂ ዘመድ አይደለም። ባንድ ደጃፍ የሚያልፍ ሁሉ ቤተሰብ አይደለም።

ትርጉም_ቤት
እኔ በሙያዬ ተርጓሚ ነኝ። ተመሳሳይ ቃላት የተባሉትን ልሞክራቸው። ብዙ ሰው መዝገበ ቃላት ከፍቶ ዲፓርት እኩል ይሆናል ሊቭ፣ ኤግዚት እኩል ይሆናል ሊቭ ይላል። አይሆኑም። እያንዳንዱ መለየትን ከሌላ በኩል ነው የሚያየው።

«ዲፓርት» ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። መነሻው መክፈል፣ መለያየት ነው። ለዚህ የሚያስደስተኝ ማስረጃ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ቃል ኪዳን ነው። በ1549ኙ የጸሎት መጽሐፍ ሙሽሮቹ «ቲል ዴዝ አስ ዲፓርት» ይሉ ነበር፤ ሞት እስኪለየን። እያደር ዲፓርት «መሄድ» ብቻ ሆነና ቃል ኪዳኑ ግራ የሚያጋባ ሆነ። በ1662 ተስተካክሎ «ቲል ዴዝ አስ ዱ ፓርት» ተባለ። አንዱ ቃል ለሁለት ተከፈለ፤ ራሱ ዲፓርት ሆነ ልበል? የኛ የሞት ማስታወቂያ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ሲል ያንኑ ጥንታዊውን ዲፓርት ነው የሚለው። እንግሊዞቹም ሟቾቻቸውን «ዘ ዲፓርትድ» ይላሉ። ስለዚህ ዲፓርትን በ«ሄደ» ከመተርጎም በ«ተለየ» ወይም በ«ተነሣ» መተርጎም ይሻላል። አውሮፕላን ሲሆን ተነሣ፤ ሰው ሲሆን ተለየ።

«ኤግዚት» በላቲን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ይወጣል» ማለት። የቴአትር ጽሑፍ ላይ ተዋናዩ ከመድረክ እንዲወርድ የሚጻፍ ትእዛዝ ነበር። ብዙ ሰው ሲወጣ «ኤግዚዩንት» ይባላል፤ «ይወጣሉ»። እንግሊዞቹ ከዚያ ላይ አንስተው ስምም ግስም አደረጉት። ኤግዚት ሁልጊዜ በር ይፈልጋል። ተማሪዎቻችን በ2015 ዓ.ም. የጀመሩትን ኤግዚት ኤግዛም «የመውጫ ፈተና» ያለው ሰው በደንብ ነው ያለው። የድሮው ማትሪክ በእንግሊዝኛ ስሙ «ስኩል ሊቪንግ» እንደነበረ ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? ያኛው ትምህርት ቤቱን ትተኸው ሄድህ ይላል፤ ይሄኛው በሩን አሳይቶህ ውጣ ይላል።

«ኩዊት» ደግሞ ከ«ኩዋየት» ጋር አንድ ቤት ነው። ጸጥታ፣ ዕረፍት። ዕዳውን የከፈለ ሰው ነጻ ወጣ፣ አረፈ። ከዚያ የለቀቀ ማለት ሆነ። ሥራ ኩዊት ያደረገ ሰው ቢያንስ በቃሉ ደረጃ አርፏል።

«አባንደን»ን በአጭሩ። ከፈረንሳይኛ ነው፤ ለሌላ ሰው ሥልጣን አሳልፎ መስጠት ነበር። «ዴዘርት» ደግሞ መያያዣውን መፍታት። በረሃ የሚለው ዴዘርትም ከዚሁ ነው፤ የተተወ ምድር።

ዱባይ_ያለሁት
«አብስኮንድ» የሚለውን ዘለላችሁት። እዚህ ገልፍ ለቤት ሠራተኛ ከሞት ቀጥሎ የሚፈራ ቃል ነው። ከአሠሪዋ ቤት ሳታስፈቅድ ከወጣች አሠሪዋ «አብስኮንዲንግ» ብሎ ያስመዘግባታል። ሳዑዲ ደግሞ «ሁሩብ» ይሉታል። ስሟ አንዴ ከገባ ወረቀቷ ይበላሻል፤ ሥራ መቀየርም አገር መግባትም ጣጣ ይሆናል።

እኛ እርስ በርሳችን «ጠፋች» ነው የምንለው። «እሷ እኮ ጠፍታ ነው የምትሠራው» እንባባላለን። የአብስኮንድ መነሻው ምን ይሆን?

ትርጉም_ቤት
እህቴ፣ ላቲን ነው። መደበቅ፣ ከዓይን መሰወር።

ዱባይ_ያለሁት
ይኸው ነው እንግዲህ። ደመወዟን ወራት ሙሉ ተከልክላ፣ ፌስታሏን ይዛ በጠራራ ፀሐይ በዋናው በር የወጣች ልጅ «ተደበቀች» ተብላ ትመዘገባለች። ደመወዙን የደበቀው ማን እንደሆነ አልተጻፈም። ሥራዋን ጨርሳ፣ ሰላም ሆና ወደ አገሯ የምትገባዋ ደግሞ ሳዑዲ «ፋይናል ኤግዚት» ታገኛለች፤ በዐረብኛው «ኹሩጅ ኒሃኢ»። ሁለቱም ከአንድ ቤት ነው የወጡት። የተመቱት ማኅተም ግን የሰማይና የምድር ነው።

ላሽ_በል
ዱባይ፣ አይዞሽ እህቴ። ጨዋታውን ትንሽ ላቅልለው።

የአራዳውን ማን ጻፈ? ውልቅ አለ፣ ላጥ አለ፣ እብስ አለ፣ ሹልክ አለ፣ ነካው፣ ፈረጠጠ፣ እግሬ አውጪኝ አለ። እንግሊዝኛው ይህን ያህል አለው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ
አለው እንጂ። አሜሪካኖች በዚህ አይታሙም። «ስኪዳድል» እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ የታወቀ የወታደር ቃል ነው፤ ጠላት ሲመጣ መፈርጠጥ። መነሻው እስከዛሬ አልታወቀም። «ቫሙስ» ከስፓኒሽ «ቫሞስ» ነው፤ እንሂድ ማለት። «ስክራም» በ1920ዎቹ «ስክራምብል» ተቆርጦ የተፈጠረ ሳይሆን አይቀርም። የኔ ልጆች ደግሞ «ዲፕ» እና «ባውንስ» ይላሉ። ገበታ ላይ እያለን «አይም ዲፒንግ» ብሎ ይነሣል ልጄ። ድሮ ስማር ዲፕ ማለት መንከር ነበር። እንጀራውን ወጥ ውስጥ የሚነክር መስሎኝ ስጠብቅ በሩ ተዘጋ።

ሳይሰናበቱ ሹልክ ማለትን እንግሊዞች «ፍሬንች ሊቭ» ይላሉ። ፈረንሳዮች ደግሞ «በእንግሊዝ ወግ መሄድ» ይሉታል። ሁለቱም ጥፋቱን ጎረቤት ላይ ጣሉት።

ተጠራጣሪው
እሺ፣ ታሪኩ ይጣፍጣል። ግን ለ9ኛ ክፍል ልጅ ምን ይፈይድለታል? ፈተና ላይ ላቫን አይመጣም።

ትርጉም_ቤት
ይፈይድለታል። ይህን ተመልከት። «ማይ ፋዘር ሌፍት ሚ» እና «ማይ ፋዘር ሌፍት ሚ ኤ ሃውስ»። እስከ አራተኛው ቃል አንድ ናቸው። የመጀመሪያው «አባቴ ትቶኝ ሄደ» ነው። ሁለተኛው «አባቴ ቤት ተወልኝ»። ሊቭን መሄድ ብሎ ብቻ የሸመደደ ተማሪ ሁለተኛውን ሲያይ «አባቴ ቤት ሄደብኝ» ብሎ ነው የሚተረጉመው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተማሪ ሳይሆን ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሠርቶት። ማስቀረት መሆኑን ያወቀ ልጅ ግን ሁለቱንም ይይዛቸዋል። እኔን አስቀረኝ፤ ቤት አስቀረልኝ።

ፊልም ላይ ደግሞ «ዶንት ሊቭ ሚ» ሲመጣ እዩልኝ። ሁሉም «አትተወኝ» ብሎ ያልፋል። ሰውየው ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ከቆመ ግን አማርኛው «አትሂድብኝ» ነው። ያቺ «ብኝ» ጉዳቱን ሁሉ ይዛለች። እንግሊዝኛው ያንን የሚልበት አንዲት ፊደል የለውም።

ላሽ_በል
«ሄደልኝ»ስ? ተከራዬ ትናንት ለቀቀልኝ፣ ተገላገልኩ። በእንግሊዝኛ እንዴት ልበለው?

ትርጉም_ቤት
«ሂ ፋይናሊ ሌፍት» በልና በረጅሙ ተንፍስ። ትንፋሹ የትርጉሙ አካል ነው።

ጠመኔ_በእጄ
የሰኞው ትምህርት ተሠራ። ሰሌዳውን ለሁለት እከፍላለሁ፤ በአንድ በኩል አስቀረ፣ በሌላው ፈቃድ። ከዚያ «ሊቭ ቱ ሪሜይን»ን እጽፍና የትኛው ጎን እንደሚገባ እነሱ ይከራከሩ። የተረፈን ደቂቃ ካለ የቤት ሥራቸው «ትቶኝ ሄደ» እና «ተወልኝ» ይሆናል።

አባ መዝገብ፣ አንዲት የመጨረሻ። «ጎ» ሲያልፍ ለምን «ዌንት» ሆነ? ይህንንም መጠየቃቸው አይቀርም።

አባ_መዝገብ
ዌንት የሌላ ግስ ኃላፊ ጊዜ ነበር። «ዌንድ» የሚባል፣ መጠምዘዝ፣ መጓዝ የሚል ግስ ነበረ። ጎ የራሱን ኃላፊ ጊዜ ጣለና የዌንድን ወሰደ። ዌንድ ደግሞ «ዌንደድ» የሚል አዲስ አበጀለት።

ይሄ እንግዳ ነገር ነው ካሉህ «መጣ»ን ትእዛዝ አድርጉልኝ በላቸው። «ምጣ» የሚልህ የለም፤ «ና» ነው። ለዚህኛው ግን ሌላ ክር ክፈት፣ ይሄ ረዝሟል።